የአባቴ መግነዝና ሰባት ድሪቶ

ሰፈራችን ውስጥ "የውሻ ልብስ ሰፊ" ይሉኛል። ፊት ለፊቴ የሚለኝ ባይኖርም እሰማለሁ። ዳቦ ቤት ወረፋ ስይዝ አንዷ ሌላዋን በክርኗ ጎሸም ታደርጋታለች፣ ከዚያ ሁለቱም ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይጭናሉ። አልፈርድባቸውም። ሰው ሁለት ጃኬት ደርቦ በሚንቀጠቀጥበት ከተማ፣ ተፈናቃይ በሸራ ሥር ከውርጭ ጋር በሚታገልበት ደብረ ብርሃን፣ አንዲት ጤነኛ የምትመስል ሴት ቁጭ ብላ ለውሻ ድሪቶ ስትሰፋ ያየ ቢስቅ ምን ይገርማል? ሌላዋ ስታደርገው ባይ እኔም አንደበቴ አያርፍም ነበር። በዝምታ የምታማ ሴት አይደለሁም፤ እሱን ሁሉም ያውቃል።

እነሱ የሚስቁት ግን በሚያውቁት ነው። የማያውቁትን ቢያውቁ ሳቁ ይቀርና ደጄን የሚረግጥ ሰው አላገኝም። ሆድ ይፍጀው ብዬ ወደ ዓመት ለሚጠጋ ጊዜ ይዤዋለሁ። ሆድ ግን አልፈጀውም።

ነገሩ የሚጀምረው ከእናቴ ሞት ነው። እናትና አባቴ የሚኖሩት አንኮበር፣ ገደሉ አፋፍ ላይ ካለ ደብር አጠገብ ነበር። አባቴ በዚያ ደብር ዕድሜያቸውን ሙሉ የቀደሱ ቄስ ናቸው። ወንድሜና ሚስቱ አብረዋቸው ይኖራሉ። እኔ ገና በልጅነቴ ደብረ ብርሃን መጥቼ ስፌት ተማርኩ፣ አገባሁ፣ ፈታሁ፣ ሱቅ ከፈትኩ፣ እዚያው ቀረሁ። ከእናቴ ጋር የምንገናኘው በዓመት ሁለቴ ሦስቴ ነው። መንገዱ ቅርብ ነው፤ ቅርብ የሆነ ነገር ደግሞ ነገ ይደረሳል እየተባለ ይቀራል።

ያረፈችው የአንኮበር መንገድ በጸጥታ ምክንያት በተዘጋበት ሰሞን ነው። መርዶውን በስልክ ሰማሁ። መነኻሪያ ሄጄ ከመኪና መኪና ለመንኩ፤ የሚሄድ ጠፋ። የደረስኩት በሠልስቱ ነው። ማን እንዳጠባት፣ በምን እንደተገነዘች፣ ፊቷ ምን ይመስል እንደነበር አላየሁም። የማውቀው መቃብሯ ላይ የተቆለለውን ድንጋይ ብቻ ነው። ይሄ አንጀቴን በላው።

ከዚያ በኋላ ለሰው መስፋት አልሆነልኝም። ሜትሬን በሴት ወገብ ዙሪያ ሳዞር እናቴን ማን አለበሳት የሚለው ይመጣብኛል። እጅጌ አጠፍኩ፣ አንገት አጣመምኩ። አንዲት ሙሽራ ቀሚሷን ይዛ እያለቀሰች ሄደች። ደንበኞቼ አንድ ሁለት እያሉ ቀሩ፣ እኔም አልጠራኋቸውም። ጠዋት ሱቄን ከፍቼ፣ ከስፌት መኪናዬ ጀርባ ተቀምጬ፣ እግሬን ፔዳሉ ላይ አድርጌ አስፋልቱን ሳይ እውላለሁ።

በእናቴ አርባ ቀን አባቴ ጠሩኝ። ዓይናቸው ከደከመ ቆይቷል፤ ብርሃንና ጨለማ ከመለየት አያልፍም። እጄን ፈልገው ያዙና፣ "የእናትሽን ሳጥን ውሰጂው ልጄ። ጨርቅ የምታውቂ አንቺ ነሽ። ለድሃ የሚሆነውን ለድሃ ስጪ፣ የሚሰፋውን ስፊው" አሉኝ። ወንድሜ ሳጥኑን ሚኒባስ ላይ ጫነልኝ። ሱቄ ጥግ አስቀመጥኩት። አልከፈትኩትም።

ውሾቹ የመጡት በዚያ መሀል ነው። አንዲት የእንስሳት ሐኪም፣ ለሥራ ከሌላ አገር መጥታ እዚሁ የቀረች ወጣት፣ ከከተማው ዳር አንድ የተተወ የዶሮ እርባታ ተከራይታ የታመሙና የተጣሉ ውሾች ትሰበስባለች። አንድ ቀን ሱቄ ገባችና የማልፈልገው ቁርጥራጭ እንዳለኝ ጠየቀችኝ።

"ለምንሽ ነው?" አልኳት።

"ለውሾች። ሲሚንቶው ይበርዳቸዋል።"

"ውሻ እኮ እግዜር ጠጉር ሰጥቶታል።"

"የወሰዱበትም አለ፣ እትዬ። ይምጡና አንዷን ላሳይዎት" አለችኝ።

ሥራ ስለሌለኝ ሄድኩ። ያሳየችኝ አንዲት ቀይ ሴት ውሻ ናት። የሆነ ሰው፣ ሥጋ ነክታበት ይሁን ደጁ ተኝታበት አላውቅም፣ የፈላ ውሃ ደፍቶባታል። ከትከሻዋ እስከ ጭራዋ ጠጉር የሚባል የለባትም፤ ቆዳዋ ሮዝ ሆኖ ተጨማዷል። ጥግ ላይ ተኮራምታ ትንቀጠቀጣለች። ስታየኝ ጭራዋን አንዴ ብቻ መሬቱ ላይ መታች። እናቴ ከሞተች ጀምሮ በሰው ፊት አልቅሼ አላውቅም ነበር። እዚያ የዶሮ ቤት ውስጥ በዚያች ውሻ ፊት አለቀስኩ። ሐኪሟ ወጥታ በር ላይ ጠበቀችኝ።

በማግስቱ መስፋት ጀመርኩ። አሠራሩን ራሴ ነው ያወጣሁት። ከሥሩ የማዳበሪያ ከረጢት፣ የሲሚንቶውን እርጥበት እንዲከላከል። መሀሉ የሱፍ ብርድ ልብስ ቁርጥራጭ፤ እሱ በእኛ ከተማ አይጠፋም። ከላይ፣ ገላቸውን የሚነካው፣ ለስላሳ ያረጀ ጨርቅ። ሦስቱን ደርቤ፣ ዳሩን ዞሬ፣ መሀሉን በመስቀለኛ እወጋዋለሁ፣ ሱፉ ተጠቅልሎ አንድ ጥግ እንዳይሰበሰብ። ስፋቱ የአንድ ከረጢት ግማሽ ነው። ሐኪሟ "ትንንሽ ብርድ ልብስ" ትለዋለች። እኔ ግን በስሙ እጠራዋለሁ፤ ድሪቶ ነው።

ደስ ይለኝ ነበር ብል እዋሻለሁ። ግን እጄ ታዘዘልኝ። ውሻ ጠበበኝ አይል፣ ሰፋኝ አይል፣ መስተዋት ፊት ቆሞ አይዞር። በጠመመ ስፌት አያፍርም። ቀኑ መምሸቱን የማውቀው እጄ ሲደነዝዝ ሆነ።

ጥቅምት ገባ። ውርጩ ሣሩን ሲያነጣ ሐኪሟ ደወለች፤ አዳዲስ ውሾች ገብተዋል፣ ሰባት ድሪቶ በአስቸኳይ። ከረጢቱም ሱፉም አለኝ። ለስላሳ ጨርቅ ግን አልቋል። ሱቄን ዞሬ ዞሬ ዓይኔ ሳጥኑ ላይ አረፈ።

ከፈትኩት። ከላይ የእናቴ ቀሚስ አለ፤ እሱን ሳየው እጄ አልደፈረም። አንሥቼ ጉልበቴ ላይ ሳደርገው ግን ውስጡ የተጠቀለለ ነገር ዱብ አለ። ነጭ ጨርቅ ነው፣ ረጅም፣ በእጅ የተፈተለ። ጠጅ ሳር ይሸታል። ጥለት የለውም። እናቴ ጋቢ አሠርታ ሳትጨርሰው ቀርታ ነው ብዬ አሰብኩ። ያሰብኩት ይኼን ብቻ ነው። ቀሚሷን መልሼ አጠፍኩና ጨርቁን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋሁት። የእናቴ ፈትል ቢያንስ አንድ የበረደውን ነገር ያሙቅ አልኩ፤ እንዲያውም መልካም ነገር ያደረግሁ መሰለኝ። መቀሱን አነሣሁ። ፈትሉ እንደ ቅቤ ነው የተቆረጠው። ጨርቄን ማቄን ሳልል ከሰባት ቦታ ከፈልኩት።

የቄስ ልጅ ነኝ። ልብስ ሰፊ ነኝ። ጥለት የሌለው፣ ያልተለበሰ፣ ሰው የሚያህል ነጭ ጨርቅ ምን እንደሆነ ከእኔ የተሻለ ማን ሊያውቅ ነበር?

የካቲት ላይ የወንድሜ ሚስት ደወለች። አባቴ ታመዋል። "እትዬ፣ አባባ መግነዜን አሳዩኝ ይላሉ። እማማ ሁለት ፈትላ፣ አንዱን ለራሷ አንዱን ለሳቸው አሠርታ፣ ሳጥኗ ውስጥ ነበር የምታኖረው። እሷን በራሷው ነው የገነዝናት። የሳቸው እርስዎ ጋ የሄደ መሰለኝ። የሷን ፈትል ሳልለብስ እንዳልቀበር እያሉ ነው ሌት ተቀን የሚያስጨንቁን።"

ስልኩን ይዤ ቆምኩ። የሰማሁት የሷን ድምፅ አይደለም፤ የመቀሱን ነው።

"አለ" አልኳት። "አመጣዋለሁ።"

ያን ጊዜ ከሱቄ እስከ ውሾቹ ግቢ በእግሬ ሮጥኩ፤ በዚህ ዕድሜዬ፣ በዚህ ጉልበቴ። ሐኪሟን ስለ መግነዝ አልነገርኳትም። በጥቅምት ከሰፋኋቸው ሰባት አንዱ ውስጥ ዕቃ ረስቻለሁ አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።

"በጥር እከክ ገባብን እኮ። አምስቱን አቃጥለናቸዋል፣ እትዬ። አንዱን ቡችሎቹ ቦጫጭቀውታል፤ የቀረ ነገር የለውም።"

"ሰባተኛው?"

ሰባተኛው ያቺ የተቃጠለችዋ ውሻ ሥር ነበር። ጠርዙን ይዤ ሳብ አደረግሁት። ትነክሰኛለች ብዬ ነበር። አልነከሰችኝም። ቀስ ብላ ተነሥታ ለቀቀችልኝ። እኔ ከጎኗ ተቀምጬ በምላጭ ስፌቱን ስፈታ፣ እሷ ባዶ ሲሚንቶ ላይ ቆማ እየተንቀጠቀጠች ታየኛለች። ብትነክሰኝ ይሻለኝ ነበር።

የተረፈው የአንድ ሰው ፊት ይሸፍናል፤ ከዚያ አያልፍም። በመድኃኒት ቢጫ ሆኗል፣ አንድ ጥግ ላይ የጥርስ ቀዳዳ አለው። በሳሙና አጠብኩት። በእንዶድ አጠብኩት። አሰጣሁት፣ አሸተትኩት፣ እንደገና አጠብኩት። ነጣ፤ ሽታው ግን አልለቀቀም፣ ወይም አፍንጫዬ አልለቀቀውም። ውሻ የገባበት ቤተ ክርስቲያን ጠበል ሳይረጭ አይቀደስበትም ሲባል እየሰማሁ ነው ያደግሁት። ያን የሚሉት ደግሞ አባቴ ናቸው። እኔ የቄሱን መግነዝ ለውሻ አንጥፌ መጣሁ።

አንኮበር የደረስኩት ጉሙ ቤቱን ሁሉ በዋጠበት ጠዋት ነው። አባቴ መደቡ ላይ ተጋድመዋል። ከስተዋል። እግሬን ሲሰሙ አወቁኝ፤ እጃቸውን ዘረጉ፣ መዳፋቸውን ወደ ላይ አድርገው፣ ቁርባን እንደሚቀበል ሰው።

"አመጣሽልኝ?"

እውነቱን ልነግራቸው ነበር የሄድኩት። በሚኒባሱ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ስለማመድ ነው የመጣሁት። "አባባ፣ ቆርጬዋለሁ" አልኳቸው። "መግነዝ መሆኑን አላወቅሁም። እናቴን ስትገነዝ አላየኋትም። ጋቢ መስሎኝ ነው።"

እጃቸው እዚያው አየር ላይ ቀረ። የወንድሜ ሚስት ምድጃው ጋ ቆማ አፏን ይዛለች።

"ቆርጠሽ ምን አደረግሽው?" አሉኝ።

እዚህ ላይ ነው። ሰው ሕይወቱን ሙሉ የሚጸጸትበት ነገር ረጅም ይመስለዋል፤ አንድ ትንፋሽ ነው። ፊታቸውን አየሁ። "ውሻ" የሚለው ቃል አፌ ውስጥ ነበር። አልወጣም።

"ለተፈናቃይ ሕፃን ብርድ ልብስ ሰፋሁበት" አልኳቸው።

አባቴ እጃቸውን ወደ ደረታቸው መለሱ። ከዚያ ፊታቸው እንደ መብራት ቦግ አለ። እንዲህ አያለሁ ብዬ አልጠበቅኩም ነበር።

"ታዲያ ምን ያስለቅስሻል? እኔ የደነገጥኩት እናትሽ ፈትሌን የት አደረስከው ስትለኝ ምን እላታለሁ ብዬ ነው። የምላት ሰጠሽኝ እኮ! እግዜር ሳይደግስ አይጣላም። የታረዘ ልጅ ለበሰው እላታለሁ።" ፊታቸውን ወደ እኔ አዙረው፣ "ወንድ ነው ሴት?"

"ወንድ።"

"የክርስትና ስሙን ታውቂዋለሽ? በጸሎቴ ላስበው።"

ካፈርኩ አይመልሰኝ። አፌ ላይ የመጣውን የክርስትና ስም ነገርኳቸው።

ከዚያ ቀን ጀምሮ፣ የወንድሜ ሚስት በየስልኩ እንደምትነግረኝ፣ አባቴ ጠዋትና ማታ ያንን ስም ያነሣሉ። ከሁሉም አስቀድመው፣ ከእናቴም አስቀድመው። ስለ ጤናው፣ ስለ ዕድገቱ፣ ወደ አገሩ ስለ መመለሱ ይለምናሉ። "የልጁ ጸሎት ነው መሰል ተሽሏቸዋል" አለችኝ አንድ ቀን። ተነሥተው ሁለት ጊዜ ደብሩ ደርሰው ተመለሱ። ያገኙትን ሁሉ ይዘው ያንኑ ይነግራሉ፤ ልጄ መግነዜን ለታረዘ አለበሰችልኝ ይላሉ። እኔ ደብረ ብርሃን ተቀምጬ ስልኩ ሲጠራ ከማንሣቴ በፊት ያንን ስም ለራሴ እደግመዋለሁ። በዓይነ ሥውሩ አባቴ ልብ ውስጥ አንድ ልጅ ወልጄ ሄድኩ፤ እሳቸው ያሳድጉታል።

እውነቱን ለመናገር ሁለት ጊዜ ተነሥቻለሁ። አንዴ መነኻሪያ ደርሼ ተመለስኩ። ሁለተኛው ላይ ትንሣኤን ይብሉ አልኩ። ትንሣኤን በሉ። ግንቦት ላይ አረፉ።

ለእናቴ ያልደረስኩ ሴት ለአባቴ ደረስኩ። መግነዙ ከአሊዩ አምባ ገበያ የተገዛ ነው፤ የወንድሜ ሚስት ናት ሄዳ ያመጣችው። ደህና ጨርቅ ነው፣ ግን ክሩ የማናውቃት ሴት ክር ነው። ያን የተረፈ ቁራጭ በፌስታል ጠቅልዬ ደረቴ ውስጥ ይዤዋለሁ። ሐሳቤ ፊታቸው ላይ፣ ከመግነዙ ሥር ማድረግ ነበር። የእናቴ እጅ ያቺን ያህል እንኳ ይንካቸው ብዬ። የሚገንዟቸው ካህናት የአባቴን ፊት ሊሸፍኑ ሲሉ የነፍስ አባታቸው ዞር ብለው፣ "አብሮ የሚሆን የቀረ ነገር አለ?" ብለው ጠየቁ።

እጄ ደረቴ ላይ ነበር። የጥርሱ ቀዳዳ ይታየኛል። እንኳን ቄስ ማንም ሰው ውሻ የተኛበት ጨርቅ ፊቱ ላይ ሆኖ እንዴት ይቀበራል አልኩ። ደግሞ ወዲያው፣ ያቺ ውሻ ከእኔ የረከሰች ናት ወይ አልኩ። ሁለቱም በአንድ ጊዜ እውነት መሰሉኝ።

"የለም" አልኩ።

ሸፈኗቸው።

ቀብሩ ላይ የደብሩ አለቃ ተናገሩ። "እኚህ አባት ዘመናቸውን ሁሉ አገለገሉ፤ ሲሄዱም መግነዛቸውን ሳይቀር ለታረዘ ሕፃን ሰጥተው ሄዱ" አሉ። ሕዝቡ አነባ። ሴቶች እየመጡ ትከሻዬን ሳሙኝ፤ አንቺ የተባረክሽ፣ የእጅሽ ሥራ ነው እያሉ። በሕይወቴ እንዲያ ተመስግኜ አላውቅም። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ነበር፤ የተከፈተችው ግን ለአባቴ ነው።

በአርባ ቀናቸው የባሰው መጣ። አንዲት አሮጊት መነኩሲት፣ በቅርቡ ከሰላ ድንጋይ በኩል መጥተው ደብሩ አጠገብ ጎጆ ይዘው የሚኖሩ፣ ድንኳኑ ውስጥ አጠገቤ መጥተው ተቀመጡ። ከነጠላቸው ሥር የታጠፈ ነጭ ጨርቅ አወጡ። ገና ሳላየው ሽታው ነገረኝ፤ ጠጅ ሳር።

"እንኪ ልጄ። እንዳባታችን ለአንድ ልጅ አድርጊልኝ" አሉ።

"አይሆንም እማሆይ። ለራስዎ ያስፈልግዎታል።"

"እኔማ አፈር ይበቃኛል። አፈርም ይበዛብኛል።"

"እማሆይ፣ እባክዎ።"

"ነይ እንጂ፣ ከሳቸው በረከት ልትከለክይኝ ነው?" ብለው ጨርቁን ጉልበቴ ላይ አስቀመጡት። ዙሪያውን ያለው ሰው ሁሉ ያየናል። የወንድሜ ሚስት ዓይኗን በነጠላዋ ትጠርጋለች። ምን ልበል? ይዤው መጣሁ።

ክረምቱን ሙሉ ሳጥን ውስጥ አኖርኩት። የውሾቹን ድሪቶ መስፋት ትቻለሁ። ሐኪሟ ስትደውል መጀመሪያ አሞኛል እላለሁ፣ በኋላ አላነሣም። ያቺ ቀይ ውሻ የተነሣባት ድሪቶ አልተተካላትም። ማሰብ አልፈልግም፣ ግን ጠዋት ውርጭ ሳይ የማስበው ስለ እሷ ነው።

ኅዳር ሲገባ አንድ ነገር ወሰንኩ። ይሄኛው እንኳ እውነት ይሁን። መቀስ ሳላስነካው፣ እንዳለ፣ ሱፍ ደርቤበት ለአንድ ልጅ እሰጠዋለሁ። እንዲያ ከሆነ የአባቴም ነገር በግማሹ እውነት ይሆናል አልኩ። እንዴት እንደሚሆን አትጠይቁኝ፤ ጭንቅ ላይ ያለ ሰው ሒሳብ እንዲህ ነው። ከሱፉ በፊት ግን ልጁን ላግኝ ብዬ፣ ጨርቁን ይዤ ተፈናቃዮቹ ወዳሉበት መጠለያ ሄድኩ።

በር ላይ አንዲት ወጣት እናት ልጇን አዝላ ውሃ ቀድታ ስትመለስ አገኘኋት። የገጠር ሴት ናት፤ አነጋገሯ ያስታውቃል። ሰላምታ ተለዋወጥን። ለልጅሽ የሚሆን ጨርቅ አለኝ፣ ብርድ ልብስ አድርጌ እሰፋልሻለሁ አልኳት። ደስ አላት። ጀሪካኗን አስቀምጣ እጇን በቀሚሷ ጠረገች፣ ጨርቁን ተቀብላ ዘረጋችው። ዳሩን በጣቷ ይዛ እስከ መጨረሻው ሄደች። አንዴ አሸተተችው።

ከዚያ ደስታዋ ከፊቷ ወረደ። መልሳ በጥንቃቄ አጠፈችው፣ እጥፉን ሳታበላሽ።

"እናቴ፣ ይሄ መግነዝ ነው" አለችኝ። ቁጣ የለባትም።

"አዲስ ነው እኮ። ማንም አልለበሰውም።"

"አውቃለሁ። አዲስ መሆኑን አውቃለሁ።" ልጇን ከጀርባዋ ከፍ አደረገችው። "ባሌን ያለ መግነዝ ነው የቀበርነው። ያን ጊዜ ቢሰጡኝ እግርዎን እስም ነበር። ለልጄ ግን አልቀበልም። እኛ እኮ ገና አልሞትንም።"

ጨርቁን በሁለት እጇ መለሰችልኝ፣ ጀሪካኗን አንሥታ ሄደች። በሩ ላይ ብቻዬን ቆሜ ቀረሁ። ያን ጊዜ ነው ነገሩ የገባኝ። አባቴ እስኪሞቱ የተደሰቱበት ነገር ውሸት ብቻ አልነበረም፤ ሊሆን የማይችል ነገር ነበር። እውነት ወስጄው ቢሆን ኖሮ እንኳ የትኛዋም የአገራችን እናት ያንን ጨርቅ ልጇ ላይ አታደርገውም። በዚህ ዓለም ምንድነው ብሎ ሳይጠይቅ የሞቀበት ያቺ የተቃጠለች ውሻ ብቻ ናት። ከሷም ወሰድኩባት።

ባለፈው ሳምንት ስልኬ ጠራ። የወንድሜ ሚስት ናት። እማሆይ አጠገቧ ናቸው፣ ሊያናግሩኝ ፈልገዋል። ሱቄ ውስጥ ነበርኩ፣ ቀን ነው፣ ጨርቁ ፊቴ ጠረጴዛው ላይ ነው።

"ልጄ፣ ትሰሚኛለሽ?" ጆሯቸው ስለማይሰማ ይጮኻሉ። "ጨርቄን ለማን አለበስሽልኝ? የክርስትና ስሙን ንገሪኝና በጸሎቴ ላስበው።"

አባቴ ያሳደጉት ያ ስም አፌ ላይ መጣ። እሱን መልሼ መጥራት አልቻልኩም። ሌላ ፈጥሬም መዋሸት አልቻልኩም። እማሆይ ለአገሩ አዲስ ናቸው፤ ስጠመቅ አልነበሩም። የራሴን የክርስትና ስም ነገርኳቸው።

"ሴት ናት?" አሉኝ።

"አዎ እማሆይ።"

"እሰይ። ታዲያ አሁን ሞቃት?"

"ገና ነው" አልኳቸው።